ደህና ነን፣ አትምጡ

አስፋልቱን ሊጠግኑ መጥተው የሬንጅ በርሜላቸውን ከቤቴ ፊት ለፊት ከጣዱት ወዲህ መቀመጫ አጥቻለሁ። ሬንጁ ሲቀልጥ ሽታው በመስኮት ይገባል፣ ማዕድ ቤት ይገባል፣ ነጠላዬ ውስጥ ሳይቀር ይገባል። መስኮቱን ዝጉልኝ እላለሁ፤ ሲዘጉልኝ ደግሞ ተነሥቼ እከፍተዋለሁ። ደጅ ወጥቼ ባጃጆቹ በሥራው ዳር ዳር ሲሽሎከለኩ አያለሁ፣ እመለሳለሁ፣ ሳልቀመጥ እንደገና እወጣለሁ። ነርስ የሆነችው የልጅ ልጄ ሰናይት «እማማ፣ ዛሬ ምን ነካሽ? እናቷ እንደጠፋባት ጥጃ ተቅበዘበዝሽ እኮ» ትለኛለች። ምን ልበላት? ሽታ ነው ብላት ትስቅብኛለች። እርሷ ሬንጅ ሲሸታት መንገድ ሊታደስ ነው ብላ ደስ ይላታል። እኔን ግን ይዞኝ የሚሄደው ወደ ጣሊያን ዘመን ነው፣ ያውም ወደ አንዲት በጋ።

ያን ጊዜ ሸዋ ሮቢት ከተማ ለመባል ገና ነበረች። አንድ ትልቅ ሾላ፣ ከሾላው ሥር የረቡዕ ገበያ፣ ከገበያው ወዲያ በሽቦ የታጠረ የጣሊያን ሰፈር፣ በቃ። ዛሬ ባንክ ቤቱ የቆመበት ማዕዘን ላይ ካሚዮኖች ይደረደሩ ነበር። ሾፌሮቹ ከራስ እስከ እግር አቧራ ለብሰው ሲወርዱ ሴቶቹ ጠላ ይዘው ይከቧቸዋል። መንገዱ ከተራራው እየተጠረገ፣ ሬንጅ እየፈሰሰበት ሲወርድ ድንጋይ የሚፈልጠው ሰው ብዛት ጉድ ያሰኝ ነበር። ከየአገሩ የመጣ ነው፤ ትግርኛ የሚናገር አለ፣ ኦሮምኛ የሚናገር አለ፣ እኛ ጭራሽ ሰምተነው የማናውቀውን ቋንቋ የሚናገርም አለ። ሲፈልጡ ይዘፍናሉ። አንዱ ያወጣል፣ ሌላው መዶሻውን እያወረደ ይቀበለዋል። ቃሉ ባይገባንም ዜማውን ሰርቀን እህል ስንወቅጥ እንዘፍነው ነበር። አባቴ ሲሰማን «የጠላት መንገድ ዘፈን ነው» ብሎ ይቆጣል፤ እኛ ደግሞ እስኪያልፍ ዝም ብለን ካለፈ በኋላ እንቀጥላለን።

ልብስም ቢሆን ያን ጊዜ ወግ ነበረው። እኔ በሠርጌ የለበስኩት ከራሳችን ማሳ ጥጥ እናቴ ፈትላ ያሠራችልኝን፣ ጠርዙ ቀይ ጥለት ያለበትን ቀሚስ ነው። አቡጀዲ የለበሰች ሴት የባለጸጋ ሚስት ናት። ጣሊያን ከገባ በኋላ ግን ገበያው በአበባ ጨርቅ ተጥለቀለቀ፤ አንዴ ሲያጥቡት አበባው ከውሃው ጋር የሚሄድ ጨርቅ። ሊሬ ሲሰጡን ወረቀቱን አገላብጠን አይተን እንመልሳለን። በጠገራ ብር ከሆነ ግን ሻጭም ገዢም ይስማማል፤ አንድ ጠገራ ብር ይዛ የወጣች ሴት ጨው፣ በርበሬና የሻሽ ጨርቅ ገዝታ መልሷን በመቀነቷ ጫፍ ቋጥራ ትመለስ ነበር። የቲማቲም ድልህ የታሸገበትን ባዶ ቆርቆሮ እንኳ ከሰፈሩ ጀርባ ለቅመን እንሻማበት ነበር፣ ውሃ መጨለፊያ ይሆናል፣ ማሽላ መስፈሪያ ይሆናል። ይህን ስነግራት ሰናይት «ኧረ እማማ!» ትላለች።

ቤታችን ከከተማው ወጣ ብሎ ወደ ጀውሃ ወንዝ በሚወስደው ሜዳ ላይ ነበር። ባሌ ጣሊያን እንደገባ ዱር ቤቴ ብሎ ተራራ ወጥቷል። የት እንዳለ የሚነግረኝ የለም፣ መጠየቁም ደግ አይደለም። እኔ የመጀመሪያ ልጄን ብርቄን ታቅፌ አባቴ ቤት ተመልሻለሁ። ብርቄ ጥርስ አውጥታ፣ ሁለት እጇን ሲይዟት ቆማ መራመድ ጀምራ ነበር። አባቴን ሰው ጋሽ ወልዴ ይለዋል፤ ረጅም፣ ድምፁ ዝቅ ያለ፣ ሰው ፊት ከማፈር ሞትን የሚመርጥ ሰው ነበር። እናቴ ደግሞ እጇ ሥራ የማይፈታ፣ ከአፏ ግን ወሬ የማይወጣ ሴት ነበረች። እኔ በማን እንደወጣሁ አይታወቅም፤ ልጅ ሆኜም እንደ ዛሬው አንድ ቦታ መርጋት አልችልም ነበር።

ከወንዙ ማዶ አገሩ የአፋር ነው። በየዓመቱ ማሽላችን ታጭዶ ሲያበቃና እነርሱ ዘንድ ሣሩ ሲያልቅ ከብትና ግመላቸውን ይዘው ወደ እኛ ይሻገራሉ። ከብታቸው በማሳው ላይ የቀረውን አገዳ ይበላል፣ ማሳችን ደግሞ በእበቱ ይለማል። እያንዳንዱ ቤት ከማዶ የራሱ ወዳጅ አለው። የአባቴ ወዳጅ ሁመድ ይባላል፤ ቀጭን፣ ጢሙን በሂና ያቀላ፣ ሲስቅ ድምፅ የማያወጣ ሰው። አንዱ ያረደውን ሌላው አይበላም፤ ወተትና ማር ሲሆን ግን አብረው ይቀምሳሉ። ልጆቹ ከእኛ ልጆች ጋር በወንዙ አሸዋ ላይ ሲንከባለሉ ይውላሉ። እዚያው አሸዋ ላይ ገበያ ይቆማል። ቅቤ፣ ጨውና ሰሌን ከማዶ ይመጣል፤ እኛ ማሽላ፣ በርበሬና ትንባሆ ይዘን እንወርዳለን።

ሁመድ ሲመጣ የምጠላው አንድ ነገር ነበር። አፋሮች ሁለት ሆነው ሲገናኙ ቁጭ ብለው ወሬ ይለዋወጣሉ፤ ዳጉ ይሉታል። እንዲያው የመንገድ ወሬ እንዳይመስላችሁ። አንደኛው ያየውን፣ የሰማውን፣ ያለፈበትን ሁሉ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይናገራል፣ ሌላው ሳይቸኩል ይሰማዋል፣ ያልገባውን ይጠይቃል፣ ከዚያ ተራው የእርሱ ይሆናል። የት ዘነበ፣ ማን ወለደ፣ የማን ግመል ታመመች፣ ምን በልታ ታመመች። ያላዩትን አየሁ ማለት ነውር ነው፣ ያዩትን መደበቅም እንደዚያው። ሁመድ ይህን ሁሉ ከአባቴ ሊያገኝ ይጠይቅ ነበር፤ አባቴ ግን የሚያውቀው መልስ አንድ ነው፤ «ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን።» ጎተራው ባዶ ቢሆን ደህና ነን። በሬው ቢሞት ደህና ነን። የእኛ አገር ሰው ሬሳ ቤቱ አስተኝቶ እንኳ «እንደምን አደርክ?» ሲሉት «ደህና» ይላል እኮ! እኔ ደግሞ ያ ሁሉ ጥያቄ ሲጀመር መቆም ያቅተኝ ነበርና እንስራዬን አዝዬ ውሃ እወርድ ነበር።

ያን በጋ ኩፍኙ የመጣው በመንገዱ ነው። በበጋ ሰው ከሰው ስለሚገናኝ በየዓመቱ አንድ ነገር መግባቱ አይቀርም፤ አንዴ ጉንፋኑ፣ አንዴ ትክትኩ፣ አንዴ ኩፍኙ። የእኛ ሰው ጣቱን ወደ ማዶ ይቀስርና «ከበረሃ ወጣብን» ይላል። ማዶ ያሉት ደግሞ «ከደጋ ወረደብን» ይላሉ። ያን ዓመት ግን መጀመሪያ የታመሙት የድንጋይ ፈላጮቹ ሰፈር ልጆች ነበሩ፤ ቀጥሎ ጠላ የሚሸጡላቸው ሴቶች ልጆች፤ ቀጥሎ እኛ። የጣሊያኑ ሐኪም፣ «ዶቶሬ» ነው የምንለው፣ የራሱን ሰፈር በገመድ አስከልሎ ዘበኛ አቆመበት። ከገመዱ ወዲህ ላለነው በአስተርጓሚ አንድ ቃል ላከልን፤ አትሰብሰቡ። ከሰማይ የመርዝ ጭስ ሲያዘንብ የከረመ ሰው ወገን ስለ ጤና ቢናገር ማን ይሰማዋል? ነገሩን ግን ሽማግሌዎቻችን ከዶቶሬው በፊትም ያውቁታል። ኩፍኝ በገባበት መንደር መግቢያ ላይ የግራር እሾህ ቆርጦ መጣል የቆየ ልማዳችን ነው፤ እሾህ ያየ እንግዳ ይመለሳል።

ሽማግሌዎቹ ከአባቴ ጋር ተቀምጠው የአሸዋውን ገበያ ዘጉ። ማዶ ያሉትም ዘንድሮ ከብት ይዘው እንዳይወጡ ይላክባቸው ተባለ፤ ለእያንዳንዱ ወዳጅ ከመላክ ይልቅ ለሁመድ ብቻ ቢነገረው ለአገሩ ሁሉ ያዳርሰዋል። መልእክቱን ለመውሰድ የተገኘው ወደዚያ የሚሻገር አንድ የአርጎባ ጨርቅ ነጋዴ ነው። ከደጃችን ራቅ ብሎ ቆመና «ጋሽ ወልዴ፣ ምን ብዬ ልንገርልዎት?» አለ።

«ገበያው ቀርቷል፣ ዘንድሮ አትምጡ በላቸው» አለ አባቴ።

«ለምን ቢሉኝስ?»

አባቴ ወደ ቤት ዞር አለ። ውስጥ ብርቄ ታስላለች። የገዛ ቤቱን ሕመም ስም ጠርቶ በሰው አፍ ወደ ሰው አገር መላክ ለእርሱ ቤቱን ማራቆት ነው።

«ደህና ነን በላቸው» አለ። «ደህና ነን፣ አትምጡ።»

«ኢንሻላህ አደርሳለሁ» ብሎ ነጋዴው ሄደ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ስሰማ አንድም ነገር አልከነከነኝም፤ እናቴንም አልከነከናትም። እስቲ አሁን እናንተ ፍረዱ። ዕድሜ ልኩን ቤታችሁ ሲገባ ሲወጣ የኖረ ወዳጅ «ደህና ነን፣ አትምጣ» ቢባል ምን ያስባል? ሳላውቅ አስቀይሜያቸዋለሁ ይላል። ጨዋ ሰው ደግሞ ወዳጁን ካስቀየመ ቤቱ አይቀመጥም፤ ተነሥቶ ሄዶ ምን አጠፋሁ ብሎ ይጠይቃል። ሚስቱንና ልጆቹን አስከትሎ ቢሄድ ደግሞ ክብሩ ይበልጣል። ሁመድ ያደረገው ይህንኑ ነው።

የመጣ ዕለት ብርቄ በጣም ተዳክማ ነበር። ዓይኗ ቀልቷል፣ ሽፍታው ከጆሮዋ ኋላ ተነሥቶ ፊቷን አልፎ ደረቷ ላይ ወርዷል፣ አፏ ቆስሎ ጡት እንቢ ብላለች። ረፋዱ ላይ ደጅ ብቅ ስል ከወንዙ ማዶ አቧራ አየሁ። ግመሎች ናቸው። በፊተኛው ግመል ላይ ሰሌን ተጭኗል፣ በሰሌኑ ላይ ልጆች ተቀምጠዋል።

«አባዬ! እነ አባ ሁመድ መጡ! ልጆቻቸውን ጭነዋል!»

አባቴ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጦ ነበር። ቀስ ብሎ ጋቢውን አስተካከለ። «እንግዲህ ምን ይደረጋል፣ ይግቡ።»

«ይግቡ? ልጆቻቸውን ልንፈጅ ነው?»

«ታዲያ እንግዳዬን ከደጄ ልመልስ? በምን አፌ?»

«በእኔ አፍ» አልኩት።

«አስካለ፣ እረፊ!» አለኝ። ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲናገረኝ የመጀመሪያው ነው። እናቴ ግን እጆቿን ዘረጋችና ብርቄን ከእቅፌ ወሰደቻት። «ቶሎ ተመለሺ» ብቻ አለችኝ። ወጥቼ በረርኩ።

ከቤታችን እስከ ወንዙ ያለው ሜዳ እንደዚያን ቀን ረዝሞብኝ አያውቅም። ያጨድነው የማሽላ ጉቶ እግሬን ይወጋኛል፣ ነጠላዬ ከራሴ ወድቆ ከኋላዬ ይጎተታል። ውሃው በበጋ ቀጭን ነው፣ ከግመል ቁርጭምጭሚት አያልፍም። ዳር ስደርስ የፊተኛዋ ግመል እግሯን ልታስገባ ነው።

«ባሉበት ይቁሙ! አንድ እርምጃ እንዳይጨምሩ!»

የወዳጁ ልጅ፣ ራሷን ገልጣ፣ በሽማግሌ ላይ ትጮሃለች። ሁመድ ግመሏን ያዘና ቀጥ አለ። ሚስቱ ያዘለቻትን ትንሿን ልጅ ወደ ጎኗ ሳበቻት።

«አስካለ፣ አባትሽ ሞተ?» አለኝ።

«ኧረ ደህና ናቸው!» አልኩት። አያችሁ፣ እኔም ያችኑ!

«ታዲያ ምን አጠፋሁ? ገበያው ተዘጋ፣ አትምጡ ተባልን። ምን በደልኳችሁ?»

«ምንም አልበደሉንም። ኩፍኝ ገብቶብን ነው። ልጆቹን ይዘው ይመለሱ፣ በሞቴ ይመለሱ!»

ሁመድ መንደራችንን አየ፣ እኔን አየ። «አባትሽ ደህና ነን ብሎ ላከ። አንቺ ኩፍኝ ነው ትያለሽ። የትኛውን ልያዝ?» አለ። ከዚያ ልጆቹ ከግመሏ እንዳይወርዱ በቋንቋው አዘዘና በማዶው ዳር ቁጢጥ አለ። ዱላውን በትከሻው ላይ አጋድሞ ሁለት እጆቹን ሰቀለበት። «ከመጀመሪያው ንገሪኝ።»

«ነገርኩዎት እኮ! ልጆች እየሞቱ ነው፣ ይሂዱ!»

«ስሚ አስካለ» አለኝ ረጋ ብሎ። «ከኋላዬ ከብቱን ይዞ የሚጠብቅ አገር አለ። ሣር የለንም። ኩፍኝ አለ ብዬ በአንድ ቃል ብመለስ፣ እነ ወልዴ አገዳቸውን ሊከለክሉን ነው ይሉኛል፤ ነገ እኔን አልፈው ይመጣሉ። ያየሽውን ሁሉ ስጪኝና ልውሰድላቸው።»

እውነቱን ነው። ደሜ ቢፈላም እውነቱን እንደሆነ ገባኝ። ጀመርኩ፤ እኔ ልሮጥ እፈልጋለሁ፣ እርሱ አይለቀኝም። መጀመሪያ የታመመው የማን ልጅ ነው? ከየት የመጣ? እናቱ ምን ትሸጥ ነበር? ከእናንተ ማን ቤቷ ገባ? ዓይኑ ቀላ ወይስ ነጣ? ሽፍታው በየት ጀመረው? የዳነ አለ? የሞተውስ ስሙ ማነው? ዘልዬ ሳልፍ «ቆይ፣ እርሱን አልነገርሽኝም» ይለኛል። በአንድ እግሬ ቆሜ ወደ ቤት አያለሁ፣ በሌላው እግሬ ቆሜ እመልሳለሁ። ፀሐዩ አናቴን ይበሳኛል፣ ውሃው በመካከላችን ይፈሳል፣ ልጆቹ ከግመሏ ላይ ሆነው ይስቁብኛል፤ ጨዋታ መስሏቸው ይሆናል። በዚያ መሐል ጡቴ አጋተና ወተቱ በራሱ ጊዜ ይወርድ ጀመር። የቀሚሴ ደረት ራሰ። በነጠላዬ ልሸፍነው ስል ሁመድ አየኝ። ጥያቄውን አቆመ።

«ያንቺም ታማለች?»

«አዎ።»

«ስሟ ማነው?»

«ብርቄ።»

«እንዴት ናት?»

«ጡት እንቢ ብላለች።»

ተነሣ። ዱላውን ከትከሻው አውርዶ የግመሏን አንገት ወደ መጣችበት አዞረ። «ሂጂ። አሁን ይበቃኛል» አለኝ። ወደ ቤት ስሮጥ ወደ ማዶ ዞሬ አላየሁም።

ቤት ስደርስ እናቴ በሩ ላይ ቆማለች። እጆቿ ባዶ ነበሩ።

በዚያው ቀን ቀበርናት። ሰው እንዳይሰበሰብ ተብሎ ጥቂት ሆነን ነው የቀበርናት፣ ለቅሶም አልተቀመጥንም። ከሩቅ የሚያጽናኑኝ ሁሉ ቃላቸው አንድ ነበር፤ ልጅ ነሽ፣ ትወልጃለሽ፣ ተይ አታንሺው። ሕፃን ነው የሞተው፣ በዚያ በጋ ደግሞ ያልሞተበት ቤት የለም፤ ማን የማንን ያነሣል? እናቴን እየደጋገምኩ «እንዴት ሆነች? ምን አደረገች?» እላታለሁ። «ተይው እቴ» ብላ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። አባቴማ ፊቴን ማየት አቃተው። እንዲያው ተነሣና በማሳችን የቀረውን አገዳ እያጨደ ወደ ወንዙ ዳር ያጓጉዝ ጀመር። ሌሎቹም አይተው ተከተሉት። አገዳውን አሸዋው ላይ ከምረን እንርቃለን፣ እነ ሁመድ ደግሞ ትልልቆቹን ሰዎች ልከው ጭነው ይወስዳሉ። ለከብቱ ሁሉ የሚበቃ አልነበረም፣ ብዙዎቹ ብዙ ከብት አለቀባቸው ሲባል ሰማን። ኩፍኙ ግን ወንዙን አልተሻገረም።

ክረምቱ ሲገባ ባሌ ተደብቆ መጣ። ጠጉሩ ትከሻው ላይ ወርዷል፣ ከስቷል። መንገድ ላይ ነግረውታል፤ «እንዳታነሣባት» ብለውም አስጠንቅቀውታል። አጠገቤ ተቀመጠና እጄን ይዞ መሬት መሬት አየ፣ ከዚያ ስለ ዝናቡ ተናገረ። ክፋት የለበትም። የእኛ ሰው ሲያዝንልህ ዝም ይልልሃል። እኔ ግን ያን ክረምት ሙሉ ቁጭ ማለት አቅቶኝ፣ የሞላ እንስራ ገልብጬ ውሃ ስወርድ ከረምኩ።

ባለፈው ሳምንት ሰናይት ከአፋር በኩል ከመጡ የጤና ባለሙያዎች ጋር ስብሰባ ነበረባት። በከተማው አዳራሽ፣ ከኋላቸው ጽሑፍ ያለበት ትልቅ ጨርቅ ተሰቅሎ፣ በየፊታቸው የታሸገ ውሃ ተደርድሮ። ስለምን ተነጋገራችሁ አልኳት። «አንዱ ጋ በሽታ ሲታይ ለሌላው ቶሎ እንድናሳውቅ፣ ክትባቱንም ወሰን ሳንለይ በአንድ ጊዜ እንድንሰጥ ነው» አለችኝ። እልል ማለት አማረኝ። ያ ክትባት በእኔ ጊዜ ቢኖር ይህን ወረቀት የምሞላበት ነገር አይኖረኝም ነበር። አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኋት፤ «ስትገናኙ መጀመሪያ ምን ተባባላችሁ?» «ሰላምታ ነዋ፣ ምን እንባባላለን? ደህና ናችሁ? ደህና!» ሳቄ መጣና ወደ ደጅ ወጣሁ። ሬንጁ አሁንም ይጨሳል።

እኛም ያኔ የራሳችንን ስብሰባ አቋቁመን ነበር። ከዚያ በጋ በኋላ ከብት ከመሻገሩና ገበያው ከመቆሙ በፊት ሁመድ ወንዙ ዳር መጥቶ ይቀመጣል። ከእኛ ወገን አንድ ሰው ወርዶ የመንደሩን ጤና አንድም ሳያስቀር ይነግረዋል፣ እርሱም የእነርሱን ይነግራል። የሚላኩት ወንዶች በአፋቸው ደህና ብቻ እየመጣባቸው ሲቸገሩ ሽማግሌዎቹ «በቃ አስካለ ትውረድ» አሉ። ጣሊያን ወጥቶ፣ ዘመን ተቀይሮ፣ ሁመድ አርጅቶ ልጁ እስኪተካ ድረስ ስወርድ ኖርኩ። አንድ ዓመት እነርሱ ዘንድ ፈንጣጣ መግባቱን ነገሩን፣ እኛም ቤታችን ተከተትን። ሌላ ዓመት ትክትክ ከእኛ ነበር፣ እነርሱ ቀሩ። ጠብም ነበር፤ ገበያው ሲዘጋ የሚራብ ሰው አለና እኔን የሚረግም አይጠፋም ነበር። ከሁሉም ግን እኔ የወረድኩበት የመጀመሪያው ዓመት አይለቀኝም።

ያን ቀን ስወርድ ሁመድ ብቻውን አልነበረም። ልጆቹን ከኋላው አቁሟቸዋል፤ አድገዋል፣ ትንሿ በእግሯ ትሄዳለች። ሳያቸው ደስም አለኝ፣ ሆድም ባሰኝ። የመንደሩን ነገርኩት። እርሱም የእነርሱን ነገረኝ፣ የሞቱበትን ላሞች በየስማቸው እየጠራ። አበቃን ብዬ እንስራዬን ላነሣ ጎንበስ ስል «ብርቄስ?» አለኝ።

ከቀበርናት ወዲህ ስሟን ከሰው አፍ ስሰማው ያ የመጀመሪያው ነበር።

«አረፈች» አልኩት።

«ከመጀመሪያው ንገሪኝ።»

ነገርኩት። ሳሏ የጀመረበትን ጠዋት፣ ዓይኗን፣ ሽፍታውን፣ የቆላ ቅጠል ጨምቄ አፏን እንዴት እንዳበስኩላት፣ ጡት እንቢ ስትል እንዴት ፊቷን እንዳዞረች። ሲጠይቀኝ አልቸኮልኩም። እናቴ እጆቿን ዘርግታ እስከተቀበለችኝ ድረስ ተናገርኩና አቆምኩ።

«ከዚያስ?» አለኝ።

«ከዚያ በኋላ ያለውን አላየሁም። እዚህ ነበርኩ፣ ከእርስዎ ጋር።»

ሁመድ ዓይኑን ወደ ቤታችን አነሣ። «ያየው ማነው?»

«እናቴ።»

«ጥሪያት።»

እናቴ ዱቄት የነካ እጇን እየጠረገች ወረደች። ምን እንደሚጠይቃት ሲገባት ወደ እኔ አየች። አሁን «ተይው እቴ» ትላለች ብዬ ጠበቅሁ። ሁመድ ከማዶ ዱላውን አጋድሞ ቁጢጥ ብሏል፣ አይቸኩልም። ፊቷን ወደ እርሱ መለሰች።

«ውሃ በጣቴ አቀመስኳት» አለች እናቴ። «ጣቴን ጠባችው። ከዚያ ዓይኗ በሩ በሩን ይል ጀመር። ይህቺን ነው የምትፈልገው። ቢጨንቀኝ 'እናትሽ መጣች፣ ይኸው መጣች' አልኳት።»

«ከዚያስ?»

«እጇን ዘረጋች። እኔ ያዝኩላት። እናቷ መስዬያት ነው መሰለኝ፣ ጥብቅ አድርጋ ያዘችኝ። እንደያዘችኝ አለፈች።»

እናቴ ይህን ሁሉ የተናገረችው ለእርሱ ነው፤ እኔ አጠገቧ ቆሜ ሰማሁ። ልጄን ያለቀስኳት ያን ቀን ነው።